የውኃ ነፍሳትን ዘር እንወቅ

ሁርሶ ቆላ ነው። ዝናቡ አጭር ነው። በስተ ደቡብ ከተራሮቹ የሚወርደው ጎርፍ አሸዋውን አቋርጦ ያልፍና ብዙም ሳይቆይ ይደርቃል። ስለዚህ በዚህ አገር ውኃ ማለት የሚጠራቀም ነገር ነው። በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በጋን፣ በገንዳና በብርካ ይጠራቀማል። ውኃ በተጠራቀመበት ሁሉ ደግሞ ትንንሽ ፍጥረታት ይታያሉ። አንዱ ይዋኛል። አንዱ በውኃው ላይ ይሮጣል። አንዱ ራሱን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።

ብዙ ሰው እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም «የውኃ ትል» ይላቸዋል። ነገር ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። ከነሱ መካከል አድጎ ወባ የሚያስተላልፍብን አለ። ያንኑ ወባ አስተላላፊ ገና በልጅነቱ እያደነ የሚበላልንም አለ። ጠላትና ወዳጅ በአንድ ስም ከተጠሩ ወይ አብረው ይገደላሉ፤ ወይ አብረው ይተዋሉ። ሁለቱም ለእኛ ጉዳት ነው።

ስለዚህ በዚህ ምንባብ የውኃ ነፍሳትን ዘር እንለያለን። ማን የማን ዘመድ ነው? ዝምድናቸውስ በምን ይታወቃል? ይህን ማወቁስ ለቤታችን ምን ይጠቅማል? እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ተማሪዎች ይህን በመጽሐፍ ተምረነዋል። እናንተ ደግሞ በዐይናችሁ ስታዩት የኖራችሁት ነገር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ትምህርቱ ሙሉ ይሆናል።

1. ነፍሳት የምንላቸው የትኞቹን ነው?

በውኃ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ፍጥረት ሁሉ ነፍሳት አይባልም። መለያው ቀላል ነው፤ እግር መቁጠር ነው። እስቲ አንድ ዝንብ ያዙና እግሯን ቁጠሩ። ስድስት ነው። ሰውነቷንም ተመልከቱ። ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ተከፍሏል። ያደጉ ነፍሳት ሁሉ እንዲህ ናቸው። ንብም፣ ጉንዳንም፣ አንበጣም፣ ትኋንም ስድስት እግር አላቸው።

ሸረሪትና መዥገር ግን ሲያድጉ ስምንት እግር ስላላቸው ነፍሳት አይደሉም። ከብት ውኃ ሲጠጣ ጉሮሮው ላይ የሚጣበቀው አልቅትም እግር የለውም፤ እሱም ነፍሳት አይደለም። ቀንድ አውጣም እንደዚሁ ነው። ከነሱ ጋር በአንድ ኩሬ ቢገኙም ዘራቸው ሌላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የትንኝ ልጅ ውኃ ውስጥ ሳለች እግር የላትም። ታዲያ ነፍሳት አይደለችም ማለት ነው? ነች። ስታድግ ስድስት እግር ታወጣለች። ስለዚህ ዘርን ለመለየት ልጁን ብቻ ዐይቶ መፍረድ አይበቃም። እስኪያድግ ጠብቆ ማየት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው አስተዳደጋቸውን ማወቅ ያለብን።

2. ሁለት ዓይነት አስተዳደግ

አንደኛው አስተዳደግ የአንበጣ ዓይነት ነው። ከአንበጣ እንቁላል የሚወጣው ኩብኩባ ነው። ኩብኩባን የማያውቅ ገበሬ የለም። ክንፍ የለውም እንጂ መልኩ እናቱን ይመስላል። ቆዳውን እየገፈፈ ያድጋል። በመጨረሻው ገፈፋ ክንፍ ያወጣል፤ ይበራል።

ሁለተኛው አስተዳደግ የቢራቢሮ ዓይነት ነው። ከቢራቢሮ እንቁላል የሚወጣው አባ ጨጓሬ ነው። እናቱን በምንም አይመስልም። በልቶ ከጠገበ በኋላ መብላቱን ያቆማል፤ ሰውነቱን ሸፍኖ ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ሙሽሬ ይባላል። በሽፋኑ ውስጥ ሰውነቱ እንደ አዲስ ይሠራል። ከዚያ ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ከእንቁላል ወጥቶ ሙሽሬ እስኪሆን ያለው ልጅ እጭ ይባላል።

የውኃ ነፍሳትም በነዚህ በሁለቱ መንገዶች ያድጋሉ። አንዳንዱ እንደ ኩብኩባ፣ አንዳንዱ እንደ አባ ጨጓሬ ያድጋል። ይህ አንዱ የዘር መለያ ነው። ሌላው መለያ ክንፍ ነው። ሦስተኛው አፍ ነው፤ ያኝካል ወይስ ይመጣል?

3. አብሮ መኖር ዝምድና አይደለም

ሁለት ሰዎች ከአንድ ጉድጓድ ውኃ ስለ ቀዱ ወንድማማች አይባሉም። ነፍሳትም እንዲሁ ናቸው። በአንድ ኩሬ ስለ ተገኙ ዘመዳሞች አይደሉም።

ሊቃውንት የነፍሳትን ሰውነት እርስ በርሱ አነጻጽረዋል። ድንጋይ ሆነው የቀሩ የጥንት ነፍሳትን መርምረዋል። በዛሬው ዘመን ደግሞ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን ዘረ መል ይመረምራሉ። ከዚህ ሁሉ እንደ ተረዱት ነፍሳት በምድር ላይ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ኖረዋል። ዛሬ በውኃ ውስጥ ከምናያቸው ብዙዎቹም ጥንተ ዘራቸው የየብስ ነው። በየዘመኑ፣ በየወገናቸው፣ ለየብቻቸው ወደ ውኃ ገብተዋል።

ለዚህ አንዱ ምልክት ትንፋሻቸው ነው። ነፍሳት የሚተነፍሱት በሰውነታቸው ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ነው። ይህ ለየብስ ኑሮ የሚስማማ አተነፋፈስ ነው። ውኃ ውስጥ የገቡትም ቱቦውን አልጣሉትም። ስለዚህ ብዙዎቹ አየር ለመውሰድ ወደ ላይ ይወጣሉ። የበርሜሉን ውኃ ዐይታችሁ እንደ ሆነ የትንኝ እጮች ደጋግመው ወደ ላይ ሲወጡ ታያላችሁ። የሚወጡት ለመተንፈስ ነው።

ዘር መለየት ለሊቃውንትም ቀላል አልነበረም። ካርል ሊኔየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ ነፍሳትን በሰባት ወገን መደባቸው። (እ.ኤ.አ. ማለት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ማለት ነው።) ዋናው መለያው ክንፍ ነበር። ክንፋቸው እንደ መረብ የሆኑትንም በአንድ ላይ አስቀመጣቸው። በኋላ የመጡ ሊቃውንት አስተዳደጋቸውንና አፋቸውን ሲያጠኑ ይህ አንድ ወገን ብዙ ወገን ሆኖ ተገኘ። አንዱ ያደገው እንደ ኩብኩባ፣ ሌላው እንደ አባ ጨጓሬ ነበርና። እንግዲህ አንድ ምልክት ብቻ ይዞ ዘር መቁጠር ያሳስታል።

4. አምስቱ ወገኖች

የውኃ ነፍሳት ወገን ብዙ ነው። እኛ አምስቱን እንመልከት።

ሀ. የጥንቶቹ በራሪዎች። ክንፋቸው አራት፣ ሰውነታቸው እንደ እንጨት ቀጥ ያለ፣ ዐይናቸው ትልልቅ የሆኑ፣ በኩሬ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚበሩ ነፍሳት አሉ። የውኃ ተርብ የሚሏቸው አሉ። ስማቸው ተርብ ይሁን እንጂ የተርብ ዘመድ አይደሉም፤ አይናደፉም። እውነተኛው ተርብ የንብና የጉንዳን ዘመድ ነው። የውኃ ተርብ ክንፉን እንደ ዝንብ በጀርባው ላይ አጥፎ ማስተኛት አይችልም። ይህ የጥንት በራሪዎች ጠባይ ነው። ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ አንድ የሩቅ ዘመዱ ክንፉ ሲዘረጋ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ልጁ ውኃ ውስጥ እንደ ኩብኩባ ያድጋል። የታችኛው ከንፈሩ እንደ ክንድ ይታጠፋል፤ ድንገት ይወረወርና ያደነውን ይይዛል። ዋና ምግቡ ውስጥ የትንኝ እጭ አለ። ሲያድግም ትንኝን በአየር ላይ ይይዛል። ይህ ወዳጃችን ነው።

ክንፋቸውን ማስተኛት የማይችሉ ሌሎችም አሉ። ጅራታቸው እንደ ክር የረዘመ፣ ክንፍ ካወጡ በኋላ ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ብቻ የሚኖሩ ናቸው። በዚያ ጊዜ ምንም አይበሉም፤ ተራብተው ይሞታሉ። ልጆቻቸው በንጹሕ ወራጅ ውኃ ይበዛሉ።

ለ. የትኋን ወገን። ትኋን አፏ እንደ መርፌ ነው። ወግታ ትመጣለች። በኩሬ ላይ በቀጫጭን እግሩ የሚሮጠው፣ ውኃው የማያሰጥመው ነፍሳት የዚችው የትኋን ዘመድ ነው። በጀርባው ተንጋሎ የሚዋኘውም እንዲሁ ነው። ሁሉም አፋቸው መርፌ ነው፤ ሁሉም እንደ ኩብኩባ ያድጋሉ። ከነሱ ውስጥ ትልልቆቹን በእጅ መያዝ አይገባም፤ ወግተው ያሳምማሉ። በአንዳንዶቹ ዘንድ ሴቲቱ እንቁላሏን በወንዱ ጀርባ ላይ ትለጥፋለች፤ እሱም እስኪፈለፈል ተሸክሞ ይጠብቃል። ዘመዳቸው ትኋን ደማችንን ብትመጥም እነዚህ ግን የትንኝ እጭ ያድናሉ።

ሐ. የጥንዚዛ ወገን። የጥንዚዛ የላይኛው ክንፍ እንደ ቅል የጠነከረ ነው። የሚበርበት ክንፍ ከሥሩ ታጥፎ ይቀመጣል። በጎተራችን እህል የሚጨርሰው ነቀዝ ጥንዚዛ ነው። በውኃም ጥንዚዛ አለ። ወደ ታች ሲጠልቅ አየር በጠንካራው ክንፉ ሥር ይዞ ይወርዳል፤ አየሩ ሲያልቅበት ተመልሶ ይወጣል። አስተዳደጉ እንደ አባ ጨጓሬ ነው። እጩ ጥርሱ እንደ ወረንጦ ነው፤ ኃይለኛ አዳኝ ነው።

መ. የቢራቢሮ የቅርብ ዘመድ። በወራጅ ውኃ ድንጋይ ሥር አንድ ቤት ሠሪ ትል ይገኛል። ከአፉ በሚያወጣው ሐር አሸዋና ስንጥር እያጣበቀ ቱቦ ይሠራል፤ በውስጡም ይኖራል። ሲያድግ የእሳት እራትን ይመስላል። ልዩነቱ የቢራቢሮና የእሳት እራት ክንፍ በዱቄት መሳይ ቅርፊት ሲሸፈን የሱ ክንፍ በፀጉር መሸፈኑ ነው።

ሠ. የዝንብ ወገን። የሌሎቹ በራሪዎች ክንፍ አብዛኛውን ጊዜ አራት ነው። የዝንብ ወገን ግን የሚበርበት ክንፍ ሁለት ብቻ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ አንሰው እንደ እንጨት ጫፍ ያበጡ ሆነዋል፤ ሲበር ሚዛን ይጠብቁለታል። ትንኝ፣ ቢምቢም የምንላት፣ ከዚህ ወገን ነች። በምዕራብ ኢትዮጵያ በፈጣን ወንዞች አጠገብ እየነከሰች ዐይን የሚያጠፋ በሽታ የምታስተላልፈው ጥቁር ዝንብም ከዚሁ ወገን ነች።

እንግዲህ ዝምድናውን ተመልከቱ። ትንኝና የውኃ ተርብ በአንድ ኩሬ አደጉ። ግን አንዷ የዝንብ ዘመድ ነች፤ ሌላው ከጥንቶቹ በራሪዎች ነው። በአንድ ኩሬ ማደጋቸው አንዱ የሌላው ዘመድ አላደረጋቸውም። አንዱ የሌላው ምግብ ሆነ እንጂ።

5. ሦስት ዓይነት ትንኞች

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። በትንኝም ይህ ይታያል። በአካባቢያችን ከሚገኙት ትንኞች ሦስት ወገኖችን ማወቅ ይጠቅማል።

አንደኛዋ አኖፊሊስ ነች። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው እሷ ብቻ ነች። ይህን ሮናልድ ሮስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1897 በሕንድ አገር የወባን ተውሳክ በዚች ትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ በማግኘቱ መንገዱን ከፈተ። የምትነክሰው ሴቲቱ ብቻ ነች፤ ለእንቁላሏ ደም ያስፈልጋታል። ብዙውን ጊዜ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስታርፍ ቂጧን ወደ ላይ ታነሣለች። እጯ መተንፈሻ ቀንድ ስለሌላት ከውኃው ፊት ጋር ትይዩ ሆና ትተኛለች።

ሁለተኛዋ ኤደስ ነች። እግሮቿ በነጭና በጥቁር የተዥጎረጎሩ ናቸው። በቀን ትነክሳለች። የደንጊ ትኩሳትንና ቺኩንጉንያን ታስተላልፋለች። ድሬዳዋን የደንጊ ትኩሳት እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያም እ.ኤ.አ. በ2019 ያጠቃት በዚች ትንኝ ነው። እንቁላሏን ከውኃው በላይ በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል፤ ውኃ ሲነካው ይፈለፈላል።

ሦስተኛዋ ኩሌክስ ነች። በቆሻሻ ውኃ ትራባለች። ሌሊት በጆሮ ላይ እየጮኸች እንቅልፍ የምትነሣን ብዙ ጊዜ እሷ ነች። እንቁላሎቿን አጣብቃ እንደ ታንኳ ታንሳፍፋቸዋለች። የኤደስም የኩሌክስም እጭ በጅራታቸው በኩል መተንፈሻ ቀንድ አላቸው። ስለዚህ ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ።

መለያው ይኸው ነው፤ የተኛችው የአኖፊሊስ እጭ ነች፤ የተንጠለጠለችው ከሁለቱ አንዷ ነች። በሁለቱ መካከል ያለው የዘር መለያየት ከ100 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው። ያ የጥንት ልዩነት ዛሬም በበርሜላችን ውስጥ በዐይን ይታያል።

6. ወደ አገራችን የመጣችው እንግዳ

በኢትዮጵያ ዋናዋ ወባ አስተላላፊ አኖፊሊስ አራቢየንሲስ ነች። ይህች ትንኝ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ በሚነካው ኩሬና ረግረግ ትራባለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወባን ከክረምት ማግሥት ጋር አያይዞ ያውቀዋል። ኩሬው ሲደርቅ ወባውም ይቀንሳል።

ነገር ግን አኖፊሊስ አንድ ልጅ ብቻ አይደለችም። አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባል እህት አለቻት። የጥንት አገሯ ሕንድና አካባቢው እንዲሁም የዓረብ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ታየች። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘች። ማንነቷም በዘረ መል ምርመራ ታወቀ።

ይህች እህት መልኳ የአኖፊሊስ፣ እጯም እንደ አኖፊሊስ የምትተኛ ነች። ጠባይዋ ግን ልዩ ነው። እንደ ኤደስ በበርሜል፣ በገንዳና በብርካ ትራባለች። የኤደስና የስቴፈንሲ እጮች በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው ተገኝተዋል። ዝናብ አትጠብቅም፤ ሰው ያጠራቀመው ውኃ ይበቃታል። እ.ኤ.አ. በ2022 (በእኛ 2014 ዓ.ም.) በድሬዳዋ በደረቁ ወራት የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲያጠኑ የያዟቸው አኖፊሊሶች አብዛኞቹ ስቴፈንሲ ሆነው ተገኙ። የወባም ተውሳክ በውስጣቸው ተገኘ።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ዘር ብዙ ይነግረናል፤ ግን ሁሉን አይነግረንም። አንዷ እህት የኩሬ፣ ሌላዋ የበርሜል ሆነች። «ዝናብ የለም፤ ስለዚህ ወባ የለም» የሚለው የቆየ ዕውቀት ለአንዷ እህት ልክ ነበር፤ ለሌላዋ አይሠራም። በሁርሶም፣ በድሬዳዋም፣ ውኃ በሚጠራቀምበት ቆላ ሁሉ በበጋ ትኩሳት የያዘው ሰው «ብርድ ነው» ብሎ መተኛት የለበትም። ትኩሳቱ በጀመረው በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር።

7. ታዲያ ምን እናድርግ?

የትንኝ እንቁላል ተፈልፍሎ፣ እጭ ሆኖ፣ ሙሽሬ ሆኖ፣ ክንፍ እስኪያወጣ በሞቃት አገር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሥራችን በየሳምንቱ መሆን አለበት።

አንደኛ፣ በርሜሉንና ጋኑን ሁልጊዜ በደንብ ክደኑ። ትንኝ የምትገባበት ቀዳዳ አይኑር።

ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ውኃውን ገልብጡ። ውኃ ውድ ስለሆነ መድፋት አያስፈልግም። በንጹሕ ጨርቅ እያጠለላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ አዛውሩት። በጨርቁ ላይ የቀረውን እጭ በደረቅ መሬት ላይ አራግፉት፤ ይሞታል።

ሦስተኛ፣ ባዶውን በርሜል ውስጡን በደንብ ፈትጉት። የኤደስ እንቁላል በግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራልና ማጠብ ብቻ አይበቃም።

አራተኛ፣ ውኃ የሚያቁር አሮጌ ጎማ፣ ቆርቆሮና የተሰበረ ሸክላ ከግቢ አስወግዱ።

አምስተኛ፣ ሊገለበጥ የማይችል ገንዳና ብርካ ሲሆን የጤና ሠራተኛ አማክሩ። ለመጠጥ ውኃ የሚሆን የእጭ መድኃኒት አለ። በገዛ እጃችሁ ግን የተባይ መድኃኒት ወይም ጋዝ አትጨምሩ።

ስድስተኛ፣ የውኃ ተርብና ጥንዚዛ ባሉበት ኩሬ ላይ መርዝ አትድፉ። መርዙ ጠላትንም ወዳጅንም ይገድላል። ትንኝ በጥቂት ቀን ተመልሳ ትራባለች። ወዳጆቻችን ግን ቶሎ አይመለሱም። ያን ጊዜ ኩሬው ያለ ጠባቂ ይቀራል።

ሰባተኛ፣ ሌሊት በአጎበር ውስጥ ተኙ። ሕፃናትና እርጉዝ ሴቶች ይቅደሙ።

ሥራው ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዐይንና የሳምንት አንድ ቀን ነው።

መልመጃ

ሀ. በነጭ ሳሕን ከበርሜል ውኃ ቅዱና በፀሐይ ብርሃን ተመልከቱ። ያያችሁት እጭ ተኝቷል ወይስ ተንጠልጥሏል? የየትኛዋ ትንኝ ልጅ ነው?

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በደብተራችሁ መልሱ።

1. አልቅት ነፍሳት ያልሆነው ለምንድን ነው?
2. በውኃ ላይ የሚሮጠው ነፍሳት ከትኋን ጋር የሚዛመደው በምን በምን ነው?
3. ትንኝ ከውኃ ተርብ ይልቅ ለዝንብ ዘመድ ነች። ምልክቱ ምንድን ነው?
4. አኖፊሊስ ስቴፈንሲ ከአኖፊሊስ አራቢየንሲስ የምትለየው በምን ጠባይዋ ነው?
5. በርሜልን ከማጠብ አልፎ መፈተግ ለምን ያስፈልጋል?

ሐ. ይህን ምንባብ ማንበብ ለማይችል አንድ ጎረቤት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ከዚያም አብራችሁ የሱን በርሜል ተመልከቱ።